በመውቂያ ወራት የሚተከል አበባ

ሆዴ አያሌው፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። እንደ ሰው ሁሉ «ብርሃኔ ጠፋ» እያልኩ አልጽፍልህም፤ ያንን ወንድምህ በሪሁን በለቅሶህ ላይ ደረቱን እየደቃ ብሎ ጨርሶታል። በቅሎህ የታመመች ጊዜ የራሱን በቅሎ ለአንድ ቀን ማዋስ እንቢ ያለህ ሰው፣ በሞትህ ማግስት «ወንድሜ፣ ጋሻዬ!» ሲል ብትሰማው ተገንዘህም ትስቅ ነበር። እኔ ሳቄ ሲያመልጠኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ሰዉ ለቅሶ መሰለውና «አይዞሽ» አለኝ።

ቤቱ ደህና ነው። በቅሎህን የእህቴ ባል ይዟታል፤ ፈረንጅ ጭና ይምርሐነ ክርስቶስ ትመላለሳለች። ዳገቱ ላይ ስትደርስ እንደ ልማዷ አልራመድም ብላ ትቆማለች አሉ። ናፍቀሃት ይሆናል።

በሪሁን ግን ባለሀብት ሊሆን ነው። ደርግ ወድቆ ቱሪስቱ ወደ ላሊበላ መጉረፍ ከጀመረ ወዲህ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ልማት። ሲያስነጥሰው እንኳ «ልማት» የሚል ይመስለኛል። ለልማቱ ደግሞ ከላስታ ምድር ሁሉ የታየችው ከደጃችን ያለችው ቁራጭ መሬት ናት፤ አንተ የሽንኩርት አበባህን የምትተክልባት። «የአባታችን ግቢ ነው፣ የሺም ልጅ የላትም፣ አልጋ ቤት እሠራበታለሁ» አለ።

አበባው የመጣበትን ቀን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል። ያቺ ከበቅሎህ የወደቀች የፈረንጅ አሮጊት፣ በጀርባህ አዝለህ ያወረድካት፣ በዓመቱ በሌላ መንገደኛ እጅ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ላከችልህ። የሰው ባል ውለታ ሲውል ሰዓት ይታሰርለታል፣ የኔ ባል ሽንኩርት ይሸለማል ብዬ ሳቅኩብህ። አንተ ግን የመንገደኛው አስጎብኚ የነገረህን እንደ ዳዊት በቃልህ ይዘህ ነበር፤ አይበላም፣ አበባ ነው፣ ብርድ ይወዳል፣ ውሃ የሚተኛበት መሬት ይጠላል። ብርድ እንኳ ለላስታ ሰው አይቸግረውም አልክ።

ኅዳር ላይ ሰው ሁሉ አውድማ ወርዶ ገብሱን ሲወቃ አንተ መቆፈሪያህን ይዘህ ከደጅ ተንበረከክህ። እጅህን እስከ አንጓው ከአፈሩ እየከተትክ፣ ሹሉን ወደ ሰማይ፣ ጺሙን ወደ ታች አድርገህ ታስቀምጣቸው ነበር። «ሰው ሲወቃ አያሌው ይዘራል» ተብሎ ተተረተብህ። በሪሁንማ ከገበያ ሲመለስ ቆም እያለ «አያሌው፣ ወጡን መቼ ነው የምታበላን?» ይልህ ነበር። አፉ ትንቢት ሆነበት።

በሁዳዴ፣ ምድሩ ደርቆ ሳር እንኳ በጠፋበት፣ ያ ቢጫ አበባ ከድንጋዩ መሀል ብቅ ሲል ቆመው አዩት። ማመስገን አልለመዱምና «ለከብት እንኳ አይሆንም» ብለው አለፉ። ግንቦት ላይ ቅጠሉ ሲደርቅ ክረምቱ እንዳያበሰብሳቸው ትነቅላቸውና በአገልግል አድርገህ ጓዳ ትሰቅላቸዋለህ። ባለፈው ዓመትም እንደዚያው አደረግህ። ከዚያ ሐምሌ ማለቂያ ላይ ሄድክ።

አርባህ መስከረም ላይ ዋለ። እኔ ኀዘንተኛ ነኝና ጥቁሬን ለብሼ ከጎረቤታችን ከእማሆይ ጎን ተቀምጫለሁ፤ ጓዳ መግባት አይገባኝም። ደጋሹ በሪሁን ነው። ጓዳችንን ሲበረብር አገልግሉን አገኘ። «ለባሏ ተዝካር ሽንኩርት ደብቃ ትቀመጣለች!» እያለ ድምፁ ዳስ ድረስ ተሰማ፤ ስለ ምን እንደሚጮህ ግን አልገባኝም። ወጥ ሠሪዎቹ ሲከትፉት «ጋሼ በሪሁን፣ ይሄ እኮ ዓይን አያቃጥልም» ቢሉት ምን እንዳላቸው ታውቃለህ? «ምርጥ ዘር ነው!» ለራሱና ለከበሩት እንግዶቹ ለብቻ አሠራው።

ምርጥ ዘሩ ብዙ አላቆያቸውም። እነዚያ የከበሩት እንግዶች ሁሉ ከዳሱ ጀርባ ተደርድረው ሲያስመልሱ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የደረሰው እሱ ነበር። እማሆይ ልጣጩን ከመሬት አንስተው «ልጄ፣ ይሄ የአያሌው አበባ አይደለም ወይ?» ሲሉኝ ነው የገባኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ አያሌው፤ በቀብርህ ያላለቀስኩትን። ከእጅህ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር፣ እሱንም በሉት።

በሪሁን ጠበል ሰንብቶ ሲመለስ ድግምት አድርጋብኝ ነው ብሎ አስወራ። ጥምቀት ሲያልፍ ደግሞ ሽማግሌ ይዞ መጣ። መሬቷ ጦሟን ታድራለች፣ ይህች ሴት ፀረ ልማት ናት አለ። ሽማግሌዎቹ ባዶውን አፈር አይተው፣ እስከ ፋሲካ ምንም ካልታየባት ይሥራባት አሉ። እኔም እሺ አልኩ፤ እነሱ የማያውቁትን አውቃለሁና።

አንተ ስትነቅል ከደጃችን የድንጋይ ግንብ ሥር ያሉትን ጥቃቅኖቹን «እነዚህ ገና ሕፃናት ናቸው» ብለህ ትተሃቸው ነበር። ድንጋዩ ውሃውን አሳልፎላቸው ሳይበሰብሱ ከርመዋል። ኅዳር ላይ አውጥቼ አንተ እንደምታደርገው ተክያቸዋለሁ። ግን ይበቅሉ አይበቅሉ በምን አውቃለሁ? በየማለዳው ውርጩ ሳይነሳ እየወጣሁ አፈሩን አያለሁ። በሪሁን የግንብ ድንጋይ አስመጥቶ ከአጠገቡ አራገፈ። እኔን ሲያይ ድንጋዩን ይቆጥራል፣ አላዋቂ!

መጋቢት ላይ ሽማግሌዎቹን ሲያመጣ አበባው ወጥቶ ጠበቃቸው። ሁሉም አላበቡም፤ ያበቡት ግን አንገታቸውን ቀና አድርገዋል። ትልቁ ሽማግሌ በዘንጋቸው እየጠቆሙ «ለመሆኑ ይበላል?» አሉኝ። «እኔ ቀምሼው አላውቅም አባቴ፤ ጋሼ በሪሁንን ይጠይቋቸው» አልኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በተዝካርህ ዕለት ከዳሱ ጀርባ የነበረ ነውና ሳቁን መያዝ አቃተው። ከዚያ ማን ይያዝ? ወንድምህ ድንጋዩን በማግስቱ አስነሳ።

አሁን ቅጠሉ ደርቋል፣ ነቅያቸዋለሁ። አገልግሉን ከራስጌዬ አድርጌ ነው የምተኛው። ለሙት ዓመትህ በሪሁን ዳሱን ይጣል፤ ሽንኩርቱን ግን ኀዘንተኛ ናት ቢሉም ባይሉም እኔ እገዛለሁ፣ ዓይን የሚያቃጥለውን።

ኅዳር ሲገባ ከደጃችን እተክላለሁ፤ ከመቃብርህ ራስጌም እተክላለሁ። እኔ እስካለሁ ያለ አበባ አትከርምም። «ሰው ሲወቃ የአያሌው ሚስት ትዘራለች» ይበሉ። ስቀው እስኪጨርሱ ሁዳዴ ይደርሳል።

ያንተው የሺ