ሁለት ፖስታ ከአንድ ቤት

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ጉሉማ ሞረዳ፣ ጊምቢ

ጤናህ እንዴት ነው? ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ እንዳይሆን ያህል ነው የጠየቅሁህ። እኔም ልጅህ ሆሳዕናም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ስልክህን ለምን እንደማላነሳ በዘመድ ስታስጠይቅ ከርመሃል። መልሱ ይኸው። በአማርኛ የጻፍኩልህ ሆን ብዬ ነው። ስንቆጣ አንተ ወደ ኦሮምኛህ፣ እኔ ወደ አባቴ ቋንቋ እንደምንሸሽ ታውቃለህ። አሁን ተቆጥቻለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጊምቢ ላይ ሌላ ወርክሾፕ እከፍታለሁ ብለህ ስትሄድ ንግድ ፈቃዱንም ደብተሬንም ይዘህ ሄድክ። ፈቃዱ በስምህ ነበርና ዝም አልኩ። ደብተሩ ግን የኔ ነበር፤ የስንቱ ቁም ሣጥን፣ የስንቱ አልጋ ልኬትና ንድፍ ያለበት። «በሚቀጥለው ሳምንት እልከዋለሁ» አልከኝ። ሳምንቱ አልመጣም።

እኔ ሥራ ፈትቼ መቀመጥ ስለማልችል በራሴ ስም ፈቃድ አወጣሁ። ከዚያ ለከተማው መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ላቅርብ ብዬ በአቅራቢነት ልመዘገብ ሄድኩ። ግዥ ክፍል ያለችው ሂሩት የምትባል፣ ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ወረቀቴን ገለጠችና «ፈቃዱ ላይ ስምዎ በዓይኑ ዓ ነው፤ መታወቂያዎ ላይ ደግሞ በአልፋው አ። ሲስተሙ ሁለት ሰው ነው የሚለው» አለችኝ።

«እኔው ነኝ እኮ» አልኳት።

«እኔ አውቃለሁ፤ ወረቀቱ አያውቅም።»

ለአንዲት ፊደል ስድስት ቀን ቀበሌ ተመላለስኩ። ከዚያ የግብር ክሊራንስ፣ ከዚያ ማኅተም ደብዝዟል ተብሎ እንደገና። መንገድ ለመንገድ እረግማት ነበር። ዛሬ ግን በዚህ ጉዳይ ውስጥ ካለነው ሁሉ እሷን አከብራለሁ።

ነሐሴ ላይ ለትምህርት ቤቶች የሦስት መቶ ኮምባይን ዴስክ ጨረታ ወጣ። ሰነዱን ገዝቼ ከበያጁ ከቀነአ ጋር ናሙናውን ሠራን። ደብተሬ ውስጥ የነበረውን ንድፍ በቃሌ አስታውሼ፣ የትንንሾቹ እግር እንዳይንጠለጠል ከሥር ማሳረፊያ ብረት አደረግሁበት።

በዚያው ሳምንት ደወልክ። ስንት ወር ጠፍተህ። ስለ ሆሳዕና ጠየቅህ፣ ስለ ወገቤ ሕመም ጠየቅህ፣ «ብቻሽን ከበደሽ አይደል?» አልከኝ። እኔ ሞኟ ሁሉንም ዘረገፍኩልህ፤ ጨረታውን፣ ጣውላውን ከአርጆ እንዴት እንዳስመጣሁ፣ አንዱን ዴስክ በስንት እንደማቀርብ። ስልኩን ስዘጋ ሆሳዕና «እማ፣ ምን ተገኘ? ፊትሽ በራ» አለችኝ። ይህን የምጽፍልህ እያፈርኩ ነው።

ጨረታው ሲከፈት አዳራሹ ውስጥ አምስት ተጫራቾች ነበርን። ናሙናዎቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ከኔዋ አጠገብ የቆመችው ዴስክ የኔዋ መንታ ናት፤ የእግር ማሳረፊያው እንኳ በዚያው ልክ። ቀነአ ክርኔን ነካ አድርጎ «ኩን ካን ኤኙቲ? የማን ነው ይሄ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ሰብሳቢው ፖስታ ቀድዶ ስምህን አነበበ። ለአንዱ ዴስክ ዋጋህ ከኔ በአሥር ብር ያንሳል። የወንድምህ ልጅ ጋሮማ በውክልናህ ከኋላ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል።

ሰነዱ ውስጥ ሁላችንም የፈረምንበት አንድ ገጽ አለ፤ ከሌላ ተጫራች ጋር የጋብቻም ሆነ የጥቅም ግንኙነት የለኝም የሚል። እኔ ስፈርም መግባትህን አላውቅም ነበር። አንተ ስትፈርም ግን መግባቴን ከራሴ አፍ ሰምተሃል።

ስንወጣ ጋሮማ ተከተለኝ። «ማሎ አዮ፣ እባክሽ እናቴ፣ ዝም በዪ። ለማናችንም ቢወጣ የሚገባው አንድ ቤት ነው» አለኝ። ሰፈር ሳልደርስ አንተ ደወልክ። «ተናግረሽ ሁለታችንንም አታስጥዪን። ካሸነፍኩ ዕቃዬን ጭኜ ነቀምቴ እመለሳለሁ። እንደ ድሮው አብረን እንሠራለን።»

ራስህን ጉቦ አድርገህ አቀረብክልኝ፣ ጉሉማ።

ሁለት ቀን አሰብኩ። አልዋሽህም፣ ዝም ልል ነበር። የድሮው ትዝ እያለኝ ዝም ልል ነበር። በሦስተኛው ቀን ጋሮማ ደብተሬን ይዞልኝ መጣ፤ መማለጃህ መሆኑ ነው። ስገልጠው የዴስኩ ገጽ ተቀድዶ ወጥቷል። በቀሩት ንድፎች ሥር፣ በእያንዳንዱ ላይ፣ ማኅተምህን መትተህበታል። ሆሳዕናን እርጉዝ ሆኜ የሳልኩት አልጋ ላይ እንኳ።

ነጠላዬን ለብሼ በቀጥታ ግዥ ክፍል ሄድኩ። «ተጫራቹ ጉሉማ ሞረዳ ባሌ ነው» አልኳት ሂሩትን።

የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች። «እርስዎም አብረው እንደሚወድቁ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ማንም አልጠየቀዎትም እኮ።»

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ነጭ ወረቀትና የራሷን እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

ኮሚቴው ሁለታችንንም ሰረዘን። እኔ ራሴ ስላስታወቅሁ ከአቅራቢዎች መዝገብ አልወጣሁም፤ ያንተ ጉዳይ ለበላይ አካል ተጽፏል። ሥራው ለሌላ ሰው ሄደ። ቀነአን የማሠራው ስላጣሁ ሌላ ቤት ገባ፤ ሲሰናበተኝ ዓይኔን ማየት አቅቶት ነበር። አንተ ደግሞ ለዘመድ ሁሉ «ባሏን በወረቀት ለወጠች» እያልክ መሆኑን ሰምቻለሁ። በል። ደብተሩን ግን አብረህ አሳያቸው ልልህ ነበር፤ ለካ እኔ ጋ ነው ያለው። የጠየቀኝን ሁሉ አሳያለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ጥር ላይ ሌላ ጨረታ ይወጣል ይባላል። በወረቀት ሚስትህ እስከሆንኩ ድረስ፣ አንተ በገባህበት ሁሉ እኔ መውጣቴ ነው። ስለዚህ ፍቺ ጠይቄአለሁ። መጥሪያው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታሽጓል። ቀጠሮው ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ጋሮማን በውክልና እንዳትልክብኝ። ይሄኛውን ራስህ መጥተህ፣ ፊቴ ቆመህ ተናገር።

የማለዳው መኪና ለሦስት ሰዓት አያደርስህም፤ ሰኞ መጥተህ ማደር ይኖርብሃል። የት እንደምታድር የራስህ ጉዳይ ነው። ሆሳዕና ልታይህ ትፈልጋለች፣ እሷን አልከለክልም። የበሩን ቁልፍ አለመቀየሬን ካየህ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጠው፤ ጊዜ አጥቼ ነው።

መንገዱን ሰላም ያድርግልህ። የቀረውን እሱ ፈራጁ ያውቃል።

እስከ ታኅሣሥ 7 ድረስ ባለቤትህ፣
ዓባይነሽ