የነበልባሉን ዓይን ስላታለለችው አምፖል

ለኢንዱስትሪ ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀን፦ ሰኔ 4

ጉዳዩ፦ በደካማ ጋዝ የሚነደው ምድጃ ማቃጠያዎቹ እስኪቀየሩ ድረስ እንዲቆም ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በብረት ፋብሪካ ውስጥ የማጋያ ምድጃ ኦፕሬተር ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ።

2. ካለፈው መስከረም ጀምሮ ፋብሪካው የቀድሞውን ጋዝ ትቶ ከእንጨት ፍቅፋቂ የሚወጣ ጋዝ ያነድዳል። ጋዙን አልነቅፍም፤ ከሚጣል ነገር መገኘቱ ደግ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ የቀድሞውን ሩብ እንኳ አይሞላም፤ ያንኑ ብረት ለማጋል እጅግ ብዙ መንፋት ግድ ነው። የማቃጠያዎቹ አፍ ለድሮው ጋዝ የተበጀ በመሆኑ በኃይል ሲነፋ ነበልባሉ ከአፉ ይነሳና ይጠፋል። አፉ ይቀየር ብዬ ለቴክኒክ ኃላፊው ሦስት ጊዜ ጽፌ፣ «ጋዝ ጋዝ ነው» ተብያለሁ።

3. እያንዳንዱ ማቃጠያ ነበልባሉን የሚጠብቅ ዓይን አለው፤ እሳት ካላየ ጋዙን ይዘጋል። በኅዳር ወር በአንድ ፈረቃ ዘጠኝ ጊዜ ዘጋብን። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ከዓይኑ ፊት ትንሽ አምፖል አሰርኩ። ዓይኑም እሳት ነው ብሎ አመነ። ያን ቀን ተጨበጨበልኝ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ዛሬ ስድስቱም ማቃጠያዎች አምፖል አላቸው። የቀደድኩት እኔ መሆኔን አልክድም።

4. አሁን ነበልባሉ ቢጠፋም ጋዙ አይዘጋም፤ ምድጃው ውስጥ ይጠራቀምና ድንገት ይቀጣጠላል። ባለፈው ሐሙስ የበሩን ጡብ አራግፏል። በዚያ ፈረቃ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ቅንድቡ ተቃጥሎ ቤት ገባ። ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አምፖሏን ንቀላት ብዬ ብነግረው፣ «ጋሼ፣ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? ብረቱ ካልጋለ ያባርሩኛል፤ የት ልግባ?» አለኝ።

5. በእኔ ፈረቃ ሁለት ጊዜ ነቅያታለሁ። ሁለቱንም ጊዜ አለቃዬ «ወይ መልሳት ወይ ቤቱን ልቀቅ» አለኝ፤ የምኖርበት ቤት የፋብሪካው ነው። ልጆቼን አየሁና መለስኳት። አፍሬበታለሁ፤ ፈርቼም ነው።

6. ስለዚህ ተስማሚ ማቃጠያ እስኪገባ ምድጃው እንዲቆም፣ አምፖሎቹ በመርማሪ ፊት እንዲነቀሉ፣ እኔም በሠራሁት እንድጠየቅ በትሕትና አመለክታለሁ። ምላሽ በአሥራ አምስት የሥራ ቀን እንደሚሰጥ መስኮታችሁ ላይ ተለጥፎ አንብቤአለሁ። ወንድሜ ነገ ጠዋት ሥራ ይገባል።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የመጀመሪያዋን አምፖል ያሰረው የምድጃ ኦፕሬተር