በሁለት ዘመን አቆጣጠር የሚጻፍ ሕይወት፦ ዶክተር ሰውአገኝ አድማሴ

ዶክተር ሰውአገኝ አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ በላቸውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለላ መዝሙር በወገራ ወረዳ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ጥር 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በዚያው በቄስ ትምህርት ቤት ነው።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከቤተ ዘመድ አንዳንዶች “የታሪክ መምህር ነበሩ” ብሎ እንዲያልፍ ጠይቀዋል። አያልፍም። ዶክተር ሰውአገኝ የመካከለኛው ዘመን የእስልምና ታሪክና ሃይማኖታዊ አስተሳሰብ ተመራማሪ ነበሩ። አርባ ዓመት የሠሩት ሥራ በቀብራቸው ቀን አይደበቅም።

በ1960 ዓ.ም. ለትምህርት ጎንደር ሲገቡ ኪራይ የረከሰላቸው የሙስሊሞቹ ሰፈር አዲስ ዓለም ነበር። አከራያቸው ሸህ ኑርሁሴን ሸማኔ ነበሩ፤ ማታ ማታ ኪታብ ያስቀራሉ፣ የዓረብኛ የሃይማኖት መጻሕፍት ያስተምራሉ። ተከራዩ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ያዩት ሸህ “ከቆምክ አይቀር ግባና ተቀመጥ” አሉ። የዓረብኛ ትምህርታቸው በዚህ ተጀመረ።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተቋርጦ በ1972 ዓ.ም. በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1982 ዓ.ም. የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳሉ የመጀመሪያ ጽሑፋቸው ታተመ። ጽሑፉ አንድ የሙስሊም ሊቅ በክርስቲያን ንጉሥ ግዛት ስለሚኖሩ ሙስሊሞች የጻፈውን ደብዳቤ የሚመረምር ነበር። ቅጂውን ለሸህ ኑርሁሴን ይዘው ሄዱ። ሸህም አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ልጄ፣ ጨረቃዋን እንደ ፀሐይ ቆጠርካት” አሉ።

በጨረቃ የሚቆጠረው የሂጅራ ዓመት ከእኛው ዓመት በዐሥራ አንድ ቀን ገደማ ያንሳል። ዶክተር ሰውአገኝ ይህን ሳያቀናንሱ የደብዳቤውን ዓመት በመደመር ብቻ ስለቀየሩት ደብዳቤው በሃያ አንድ ዓመት ዘግይቶ፣ በንጉሡና በሙስሊሞቹ መካከል ከተደረገው ጦርነት በፊት የተጻፈው በኋላ የተጻፈ ሆኖ ተገኘ። ጓደኞቻቸው ማንም ስላላየው ዝም እንዲሉ መከሯቸው። እርሳቸው ግን በሚቀጥለው እትም አራት ገጽ ማረሚያ አወጡ፤ ስሕተቱ የራሳቸው፣ እርማቱ የሸማኔው የሸህ ኑርሁሴን መሆኑንም በስም ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ቀን ሲጽፉ በሁለቱም አቆጣጠር ነበር፤ በጥቁር ሰሌዳም፣ በፈተና ወረቀትም፣ በዓመት ፈቃድ ቅጽም ላይ።

በ1983 ዓ.ም. የሒሳብ መምህርት የሆኑትን ወይዘሮ የትነበርሽ አለኸኝን አግብተው ኤልሳንና ፅዮንን ወለዱ። ከጋብቻ በኋላ የታተመ ማንኛውም ዓመተ ምሕረት በወይዘሮ የትነበርሽ እጅ ሳይሰላ አልወጣም።

የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1991 ዓ.ም. አግኝተው እስከ ጡረታ ድረስ በጎንደር አስተማሩ። ክርስቲያን ሆነው ለምን ይህን መስክ እንደመረጡ ለሚጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ “ከሳሹን ብቻ ሰምቼ ፍርድ አልጽፍም።”

ወሬው የተነሣው ሁለተኛው መጽሐፋቸው ሲወጣ ነው። ሰለሙ ተባለ። በ1997 ዓ.ም. ፋሲካ አምባ ጊዮርጊስ ሄደው ሙክቱን በእጃቸው ሲያርዱ፣ ዘመዶቻቸው የሙስሊም እርድ ነው ብለው ሥጋውን ሳይነኩ ተቀመጡ። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ፋንታሁን “አያ፣ አልሰለምኩም ብለህ ማልልንና እንብላ” አሉ።

“ብሰልም አላፍርበትም ነበር። ስላልሰለምኩም አልምልም።”

አብረዋቸው የመጡት የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ገብርኤል እጃቸውን ታጥበው “ምነው፣ ሁለት ወር ጾሜ በግ ለማየት ነው የመጣሁት? ያንን ሥጋ ወዲህ በሉት” አሉ። ቀድመውም በሉ። ከዚያ አንዳንዱ ቀረበ፤ አንዳንዱ ግን እስከ ዛሬ አልቀረበም። ዶክተር ሰውአገኝ በየዓመቱ ፋሲካን እዚያው እየሄዱ አረዱ፤ አንድም ጊዜ አልማሉም።

በ2014 ዓ.ም. የጀመራቸው የኩላሊት ሕመም ፀዳ ከሚገኘው ቤታቸው ቢያውላቸውም ሦስተኛውን መጽሐፋቸውን ከመጨረስ አላገዳቸውም። ረቂቁ ተጠናቋል፤ ይታተማል።

በዚህ ሳምንት ጥያቄው ተመልሶ መጣ፤ ፍትሐት ይገባቸዋል ወይ ተባለ። ዛሬ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሆናቸው አባ ወልደ ገብርኤል በምርኩዝ ቆመው “ያናዘዝኩት እኔ ነኝ። የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቅ” ብለዋል። የጠየቀ የለም። የሸህ ኑርሁሴን ልጆችና የልጅ ልጆችም ከአዲስ ዓለም መጥተው ሬሳውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸክመዋል።

ከዚህ በታች ካለው ቀን ግማሹ እንዲሰረዝ ተጠይቆ ነበር። ወይዘሮ የትነበርሽ ሁለት ጊዜ አስልተው ልክ መሆኑን አረጋግጠዋል፤ ስለዚህ አልተሰረዘም።

ዶክተር ሰውአገኝ አድማሴ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጁማደል ኡላ 24 ቀን 1446 ዓመተ ሂጅራ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸው አቶ ፋንታሁንና ያስተማሯቸው ሁሉ ከኋላቸው ቀርተዋል።

በፀሐይም ሆነ በጨረቃ ዘመን የማይቆጠርለት አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ይቀበል።