ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስለ ተቆለፈው መሰላል

ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለክቡር ግራዝማች ታረቀኝ
የከባድ መኪና ጥገና ጋራዣችን ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነሥቼ አቀርባለሁ። እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ ደህና ነው? ጉልበትዎስ? እግርዎስ? በየአካሉ ለይቼ መጠየቄ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ከሚካኤል ዕለት ወዲህ የሰውን ጤና በጅምላ መጠየቅ ትቻለሁ። እኛ ከበያጁ ከእንዳላማው በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እርሱም ቢሆን ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስ እንጂ አንገቱን ወደ ሁለቱም ወገን ያዞራል።

ይህን ደብዳቤ በጋራዡ በር ላይ የለጠፍኩት ደጅዎን ብጠና ብጠና ስላላገኘሁዎት ነው። ዛሬ የጽዮን ማርያም በዓል ስለሆነ ሥራ አልያዝኩም፤ በበዓል መሥራት ምን እንደሚያስከትል ከእርስዎ ተምሬአለሁና።

፩ኛ. ስለ መሰላሉ። ጋራዣችን አንድ ረጅም የብረት መሰላል አለው። ቀለሙ እንዳይላጥ ብለው በጽሕፈት ቤትዎ ቆልፈው ስላኖሩልን እናመሰግናለን። ጥቅምት ፳፫ ቀን፣ በጃንሆይ የዘውድ በዓል፣ ባንዲራ ለመስቀል ሲወጣ ሁላችንም አይተነዋል፤ ባንዲራው የተሰቀለበት ቦታ ከአውቶቡስ ጣሪያ ዝቅ ያለ ቢሆንም ባንዲራ ሰቃዩ እንዳይወድቅ ማሰብዎ አስደስቶናል። ለአውቶቡስ ጣሪያ ሥራ በጠየቅንዎት ጊዜ ደግሞ «የጎጃም ሰው ዋርካ ላይ ሲወጣ መሰላል ይዞ ነው ወይ?» ብለው አስቀውናል። እንዳላማውም አብሮን ስቋል።

፪ኛ. ስለ በርሜሎቹ። መሰላል የሌለው ሰው አንዱን በርሜል በሌላው ላይ ያቆማል፤ በያጁ ከላይ ይወጣል፣ ሌላው ከታች በርሜሉን በሁለት ክንዱ አቅፎ ይቆማል። ለእንዳላማው ያቀፍኩት እኔ ነበርኩ። በርሜሉ ላይ ቆሞ ለጥገና የገባውን አውቶቡስ የጣሪያ ዕቃ መጫኛ ብረት እየበየደ ሳለ የታችኛው በርሜል በፈሰሰው ዘይት ላይ ተንሸራተተ። በዘይት ላይ የሚሄድ በርሜል በሰው ክንድ እንደማይቆም አሁን በደንብ አውቃለሁ። ክቡርነትዎ ይመኑኝ፣ አልለቀቅሁትም፤ በርሜሉ እቅፌ ውስጥ እንዳለ እንዳላማው ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቶ ስሜን ይጠራ ነበር።

፫ኛ. ስለ መልአኩ። ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ነበር። አገሩ ሁሉ ታቦት ሊያነግሥ ሲወጣ፣ እንዳላማውም በዓል ነውና ይለፈን ብሎ ሲለምንዎ፣ አውቶቡሱ በማግስቱ አዲስ አበባ መግባት አለበት፣ ያልመጣ ሰው ሥራ እንደሌለው ይቁጠረው ብለው ያስጠሩን እርስዎ ነዎት። ከወደቀ በኋላ ግን በዓል ስለ ሻረ መልአኩ ጣለው ብለው ፈረዱ፤ መልአክ የጣለውን ሰው መሰላል አያድነውም ብለውም ነገሩን ዘጉልን። ፍርዱን ሰንበቴ ላይ፣ ጠላው ሳይቀዳ በፊት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ስለ ተናገሩልን ውለታዎ ከባድ ነው። ዛሬ የእንዳላማው ባለቤት ወይዘሮ ወለላ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ መንገድ ይለቁላታል፣ ከአክብሮት ግን አይደለም። የንስሐ አባቷም ስግደት ሰጥተዋታል። መልአኩ አዛዡን አልፎ ታዛዡን ብቻ ለምን እንደ መረጠ እኔ አልገባኝም፤ እርስዎ ሐሳቡን ስለሚያውቁት ቢጠይቁልን መልካም ነው። ያን ያህል የቸኮለው አውቶቡስም እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል።

፬ኛ. ስለ ሰኞ። የፊታችን ሰኞ አድማሴ በእንዳላማው ቦታ ወጥቶ ሥራውን እንዲጨርስ፣ እኔም በርሜሉን እንዳቅፍለት ታዝዘናል። አድማሴ ከጫጉላ ቤት ከወጣ ገና ሳምንቱ ነው። በታላቅ ትሕትና እንዲያውቁት የምፈልገው፣ በርሜል አላቅፍም። መሰላሉ ይውጣልን፤ በጣሪያው ዳር ሰው ቆሞ የሚሠራበት የእንጨት ርብራብ ይሠራልን፤ ዘይቱም በአመድ ይጠረግልን። እንዳላማው ከበርሜል ላይ መውደቁንም እዚያው ሰንበቴ ላይ፣ በዚያው አፍዎ ይናገሩለት። ተቆጥቻለሁ ግራዝማች። እስከዚህ ድረስ በአክብሮት ለመጻፍ ብዙ ታግያለሁ፣ ያመለጠኝ ቃል ካለ በይቅርታ ይለፉልኝ።

ከመውደቅ የሚጠብቅ አምላክ እርስዎን ከወንበርዎ፣ እኛን ከጣሪያው እንዲጠብቅ እየለመንኩ፣ በሹመት ላይ ሹመት፣ በጤና ላይ ጤና እንዲጨመርልዎ በመመኘት በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ከሰኞ ጀምሮ ግን ያልሆነው፣
አንሙት የኔዓለም

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ያን ዕለት የላንድሮቨርዎ ወንበር ልብሱ አዲስ በመሆኑ እንዳላማውን ሊጭኑት አልቻሉም፤ በምትኩ ግን ጽሕፈት ቤቱን ከፍተው መሰላሉን ሰጡን። ጋቢ አንጥፈንበት፣ እንደ ቃሬዛ ተሸክመን ሆስፒታል አደረስነው። ወለላም ባዘዟት መሠረት ደሙን አጥባ መልሳልዎታለች። መሰላሉ ሰው ሲጫንበት ምንም እንዳልጎበጠ ሁላችንም አይተናል። ሰኞ ለአድማሴ ያስፈልገናል፤ ጠዋት ለመውጫው ይሰጡናል ወይስ ከሰዓት ለመሸከሚያው፣ እርሱን ለእርስዎ ትቻለሁ።