የኮሶዬው ምግብ ቤትና በሩ ላይ የተቀመጡት አባት

ሰኞ፣ ኅዳር 4፤ ረፋድ

ኮሶዬ ነኝ። ብርድ። ከጎንደር ያመጣችኝ የጭነት ማኪና አውርዳኝ ወደ ደባርቅ አለፈች። ቦርሳዬ አቧራ ለብሷል፤ እኔም እንደዚያው። የምግብ ቤቱ ግድግዳ ግን ደርቋል! ሊከፍቱት የተነሡት ሦስቱ የኮሶዬ ሴቶች ሁለተኛውን ምርጊት ጨርሰውታል። ጎንደር ያለው የበጎ አድራጎት ማኅበራችን የላከው ቆርቆሮም ጣሪያው ላይ ወጥቷል። መንገዱን ተሻግሬ ቆሜ አየሁት። ሸጋ ነው።

አንችም ታስታውሻለሽ ማስታወሻዬ፤ የማኅበሩ ወይዛዝርት እነዚህ ሴቶች ጥልፍ ይማሩ ብለው ነበር። ሴቶቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ነው የጠየቁኝ። መንገደኛ እዚህ ወርዶ በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩስ ነገር የሚያቀምሰው የለም። እኛ እናቅምሰው። በዚሁ ጸናን።

ያው ቀን፤ ከሰዓት

ደስታዬ ግማሽ ሆነ። ከሦስቱ አንዷ፣ ይታይሽ፣ አልመጣችም። ባሏን ፈታ ከትንሽ ልጇ ጋር አባቷ ቤት የተመለሰችው፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማው። የእሷን ያህል ወጥ የሚያጣፍጥ ደግሞ የለም። ወ/ሮ ስመኝ፣ ባሏ የሞተባት፣ የሦስቱ ታላቅ፣ ምክንያቱን በጆሮዬ ነገረችኝ። አባቷ አያ ንጉሤ ከልክለዋል። ባሏን የፈታች ሴት መንገድ ዳር ቆማ ለሾፌር ምግብ ስታቀርብ አገሩ ምን ይላል ብለው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

አያ ንጉሤ ዘንድ ሄድኩ። ገብስ ያጭዳሉ። ማጭዳቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ። አረቄ አይሸጥም አልኳቸው። ጠላም። ፀሐይ ሳትገባ ይዘጋል።

“ምነው ልጄ፣ አንች ነገ ከተማሽ ትገቢያለሽ። ስም ግን እዚህ ይቀራል” አሉኝ።

እውነታቸውን ነው።

ይታይሽ ነዶ ተሸክማ ከኋላችን መጣች። ስትሰማ ኖራለች። ነዶውን አወረደች። “አባዬ፣ እኔን ካላመኑኝ መጥተው በሩ ላይ ይቀመጡ” አለች። ዓይኗ አልተሰበረም።

ቀና ብለው አዩዋት። “እቀመጣለሁ” አሉ።

እኔ ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 19

ተከፈተ! እጄ ሽሮ ሽሮ ይሸታል፤ ይቅር በይኝ፣ ገጽሽን አቆሸሽኩት።

ጾም ገብቷልና ሽሮ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ሻይ በብርጭቆ። የጾሙ ምግብ ደግሞ ክርስቲያኑንም እስላሙንም አንድ ገበታ ላይ አስቀመጠልን። የመጀመሪያዋ እንግዳ ወ/ሮ ዘሃራ፣ የጎንደር ነጋዴ፣ አቡጀዲ ጭና ወደ ደባርቅ የምትሄድ። በልታ ስትጨርስ ከእንግዲህ ስንቅ አልቋጥርም አለች። ወ/ሮ ስመኝ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

አያ ንጉሤ ከንጋት ጀምሮ በሩ ላይ ናቸው። በርኖሳቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። መንገደኛው ዘበኛ መስለውት ፈቃድ እየጠየቀ ይገባል።

ቀትር ላይ አንድ ሾፌር ይታይሽን የት እንደምታድር ጠየቃት። አያ ንጉሤ ተነሡ። ይታይሽ ግን ቀደመቻቸው። “አባቴ እነሆ በሩ ላይ ናቸው፤ እሳቸውን ጠይቅ። እስከዚያው ሽሮህ እንዳይቀዘቅዝብህ።”

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩም አፍሮ ሳቀ። ሲወጣ ጎንበስ ብሎ አያ ንጉሤን ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸውም ተመልሰው ተቀመጡ። ጢማቸው ስር ፈገግታ አየሁ ልበል? አየሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 25

ቤቱ ሞልቶ ይውላል። ትርፌ፣ ሦስተኛዋ፣ ዝምተኛዋ፣ ለልጇ ጫማ ገዛች። ሰፊ ነው። ያድግበታል አለች።

አያ ንጉሤስ? ሌላ ሰው ሆነዋል። እጅ ያስታጥባሉ። ሰላምታ ሳይሰጥ የገባውን መልሰው ያስወጣሉ። ጉም የወረደ ቀን ሾፌሮቹን ቀስ በሉ እያሉ ያስጠነቅቃሉ። ሾፌሩ ሁሉ “አያ ንጉሤ ቤት እንብላ” ማለት ጀምሯል። ይታይሽ ተናደደች። ግድግዳ የመረግነው እኛ፣ ስሙን የወሰዱት እሳቸው! እያለች ትስቃለች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 5

ስደርስ በሩ ላይ ማንም የለም። ደነገጥኩ። ታመሙ? ይታይሽ በእጇ ወደ ሽቅብ አመለከተችኝ። ውድማ ላይ ናቸው። ወጣሁ። በሬዎቹን እያዞሩ ገብስ ያበራያሉ። ምነው ቀሩ አልኳቸው።

“ምን ልሠራ? እሷ አለች” አሉኝ። በሬዎቹን ነዱ።

ወርጄ ጓዳ ልረዳ ገባሁ። ወ/ሮ ስመኝ በትሕትና ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። ጠባብ ነው፣ ሂጅ ተቀመጭ፣ ይቀርብልሻል። እንደ መንገደኛ አቀረቡልኝ። በላሁ። ትንሽ ከፋኝ። ወዲያው ደስ አለኝ። እዚህ የቀረኝ ሥራ የለም፤ ለካ ስመኘው የነበረው ይህንኑ ነው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አይከል ከተማ ትሄጃለሽ ወይ ብለውኝ ነበር። እዚያ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ገበያ ርቋቸው ተቸግረዋል። ሩቅ ነው፣ ማንንም አላውቅም ብዬ እምቢ ብያቸው ነበር። አሁን ግን ቆርጫለሁ፣ ማስታወሻዬ። ጎንደር እንደገባሁ እሄዳለሁ እላቸዋለሁ። ዝናቡ ሳይገባ።

ወደ ጎንደር የምትወስደኝ ማኪና ጡሩምባ እየነፋች ነው። ሻዬ አላለቀም። ይታይሽ በሩ ላይ ወጥታ ሾፌሩ ላይ ጮኸች፤ “ሻይዋን ትጨርስ፣ ጠብቃት!”

ሞተሩን አጠፋ።