የእማየ ሎሚ ለምን ይረግፋል?

ማክሰኞ፣ ጥር 3
ጠዋት

ዛሬም ቅጠሉ ረግፏል። ጠርጌ ቀና ሳልል ከኋላየ ጠብ ይላል። የደረቀውን ቢጥል ባልከፋኝ። አረንጓዴውን፣ ገና ያልጠገበውን ነው የሚያራግፈው። ደብተሬ፣ መቼም አትመልሽልኝም፣ ግን እስቲ ምን በድየው ነው?

እማየ ናት ከፍሬ አብቅላ በግማሽ በርሜል ያሳደገችው። ግቢያችን ሲሚንቶ ነው፤ አፈር ያለው አጥሩ ጥግ ብቻ፣ እሱንም ዘይቱኗ ይዛዋለች። ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ እኔና እማየ ደሴ ሸሸን። አባየ ቤቴን ጥየ አልሄድም ብሎ ቀረ። የስኳሯ መድኃኒት አለቀ፣ ጠፋ፣ ሞተች። እዚያው ደሴ ቀበርናት። መንገድ ዝግ፣ ስልክ ዝግ፣ ማን ይንገረው? ስመለስ በሩን ከፈተና እኔን አልፎ ከኋላየ አየ። ማንም አልነበረም።

ያን ቀን ነው የሰማው። ከዚያ ወዲህ ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም፤ «አንቺ» ነኝ። መቃብሯን እንዘይር ስለው ዝም። ከሎሚው ጋር ግን ሲያወራ እሰማዋለሁ። ይኸ ዛፍ ከሞተ አባየን ምን ይዞ ያቆየዋል? ያ አላህ፣ እሱንስ አታምጣው።

ዓርብ፣ ጥር 6
ከጁምዓ በኋላ

መሐመድ ደወለ። (ወንድሜ፤ ጅዳ የሀብታም ግቢ አትክልተኛ ነው፤ ከእንግዲህ መ. ብቻ እለዋለሁ፣ ስሙም ምክሩም ረጅም ነው።) የሎሚውን ቪዲዮ ልኬለት ነበር። ሳይጨርሰው ፈረደ፦ ጥም ነው። እነሱ ጋ ቀን ሁለቴ ያጠጣሉ አሉ።

ቧንቧው እዚህ በፈረቃ ነው፣ እሱም ሲያሻው። ቢሆንም ለወጥ ካስቀመጥኩት ጀሪካን ቀንሼ አጠጣሁት። አባየ አየኝ። ወደ ቤት ገባ።

ጁምዓ ዛሬም በቆብ ብቻ ሄደ፣ ያለ ጥምጣም። ጥምጣምህስ አልኩት። ጠፋ አለ። የት? ጠፋ። ዳሩን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ልጅ እያለችው ራሱን ገልጦ ይሄዳል። ሌላ ልስፋልህ ብለውም አልፈልግም። አቦ! ከድንጋይ ጋር ብነጋገር ይሻለኛል።

ማክሰኞ፣ ጥር 10

ባሰበት። ጭራሽ ባሰበት! ጧትና ማታ እያጠጣሁት ቅርንጫፉ ራቁቱን እየቀረ ነው። ቅጠሉን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ተባይ የለ፣ ድር የለ። ለማንኛውም ብየ በሳሙና ውሃ አጠብኩት። ጨርቅ አጣቢ ሆንኩ እንጂ ምን ፈየድኩ።

ከሰዓት ቅጠሉን በላስቲክ ቋጥሬ ወደ ግብርና ጽ/ቤት። መስኮቱ ተሰብሯል፣ ወንበር የለም፣ ባለሙያው ቆሞ ነው የሚሠራው። አሳዘነኝ። በርዶት ይሆናል፣ ጠምቶት ይሆናል፣ ሥሩ ተጎድቶ ይሆናል አለ። ሥሩን አይተሻል ወይ አለኝ። አፈር ውስጥ ያለን ሥር በምኔ ልየው? ተናድጄ ወጣሁ።

ስገባ ጎረቤቴ እትየ ጥሩ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዓይን ነው ብላለች። ባሏ ከእስጢፋኖስ ገዳም ጠበል አምጥቶ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛልኛለች። አብሽሪ፣ ይኸ የማያድነው የለም አለችኝ። እሷን እንቢ ማለት እንዴት ይሆንልኛል፤ በጦርነቱ ጊዜ አባየን ያበላችው እሷ ናት። እፊቷ በርሜሉ ውስጥ አፈሰስኩት። ልብ በይ ደብተሬ፣ የጅዳው መድኃኒት ውሃ፣ የእስጢፋኖሱም ውሃ!

ሐሙስ፣ ጥር 12
ከዙህር በፊት

ከአባየ ጋር ተጣላን። መጣላትስ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እኔ ብቻየን ተጣላሁ። በርሜሉን ወደ ፀሐይ እናስጠጋው አልኩ። ተይው። እሺ አፈሩን እንለውጥለት። ተይው። ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ውዱኡን ማድረግ ጀመረ፤ እጁ፣ ፊቱ፣ እግሩ፣ ውሃው ሁሉ ወደ በርሜሉ።

የቤታችን ልማድ ነው። የውዱእ ውሃ በእግር አይረገጥም፣ ለዛፍ ይሰጣል። እማየም እዚያው ነበር፣ እኔም እዚያው ነኝ፣ ልብስ ሊያሰፋ መጥቶ ሶላት የደረሰበትንም እዚያው ነው የምሰደው። በረካ ያለው ውሃ ነው። ይኸን ሁሉ በረካ ጠጥቶ ይረግፋል! አለቀስኩ ብልሽ ምን ይገርምሻል። በንዴት ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 14



አባየ ገበያ ሲወጣ በርሜሉን ልገፋ ሞከርኩ። ንቅንቅ አይልም። ግማሽ በርሜል አፈር እንዲህ ይከብዳል? ጣቴን ሰደድኩ። ጭቃ። አሸተትኩት፤ የበሰበሰ። ዞር ብየ ዘይቱኗን አየሁ። እሷም ታረግፋለች፣ ግን ያረጀውን፣ ቢጫውን ነው፤ ከጫፏ ቡቃያ ይዛለች። ማንም ሁለቴ አያጠጣትም። ያኔ ነው የባለሙያው ነገር ትዝ ያለኝ። ሥሩ።

እማየ ከበርሜሉ ጎን፣ ከታች፣ ውሃ መውጫ በስታ ነበር። ፈለግሁት፣ የለም። የተደገፈበትን ድንጋይ ሳነሳ በጭቃ ተለስኗል። በመቀስ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ጨርቅ። ጎተትኩት። ክንዴን ያህል ነጭ ጨርቅ ወጣና ከኋላው ጥቁር ውሃ ቡልቅ ብሎ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ግማቱ!

ዳሩን አየሁት። የእኔ ስፌት ነው።

አባየ ሲገባ ጨርቁን አንጠልጥየ ጮህኩበት። ወላሂ እንዲያ ጮሄ አላውቅም። ዛፏን አንተ ነህ የገደልክባት አልኩት። እሱ ደግሞ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ አወራ፤ ከመጣሁ ጀምሮ ካወራው ሁሉ የሚበልጥ አወራ።

በጦርነቱ ጊዜ ውሃ አልነበረም። ሐይቁ ደጃችን ነው ግን ወርዶ መቅዳት ያስፈራ ነበር። ባገኛት ትንሽ ውሃ ውዱእ ያደርጋል፣ ያችው በቀዳዳው ወጥታ ሲሚንቶው ላይ ትቀራለች። ዛፉ ጠወለገ። ቀዳዳውን ሊደፍን ቤት ውስጥ ያገኘው ጨርቅ ሁሉ አልበቃ ሲለው ጥምጣሙን ፈታ። እሷ ስትመጣ ደርቆ እንዳታገኘው አለኝ።

እና ውሃው ሲመለስ ለምን አልነቀልከውም? ብቻሽን ስትገቢ አየሁሽ አለ። ከዚያ በኋላ እጄ አልታዘዘኝም።

 ጨርቁን መሬት ላይ መወርወሬ አሳፈረኝ፣ አንስቼ አጠብኩት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይኸው ነቀዘ፣ ሥሩ ድረስ። የእኔም ዝምታ አለበት፤ እሷ እንዴት እንደሞተች እኔስ መቼ ነገርኩት?

እሁድ፣ ጥር 15

ሁለታችን በርሜሉን ገለበጥን። የጠቆረውን፣ ስይዘው እጄ ላይ የሚሟሟውን ሥር በጨርቅ መቀሴ ቆረጥኩ (መቀሴ አለቀለት)። ነጭ ሥርም አለ፣ ጥቂት። ከሐይቁ ዳር አሸዋ አምጥቼ ከደረቅ አፈር ቀላቀልኩ፣ ሁለት ቀዳዳ ጨመርኩ፣ ሥሩ ስላነሰ ቅርንጫፉንም አሳጠርኩ። ጣት ደረቅ ነው ሳይል ጠብታ የለም። አባየ ለዐስር ሶላት ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወጣ፣ ቆመ፣ ሄዶ ዘይቱኗ ሥር ተቀመጠ። ዘይቱኗ መሬት ላይ ናት፣ ትችለዋለች።

አፈሩን መልሰን ስንሞላ ነገርኩት። ሆስፒታሉን፣ መድኃኒት ፍለጋ የዞርኩበትን፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን። ሎሚውን አጠጡልኝ ነው ያለችው። አካፋውን አስቀምጦ የቀረውን አፈር በእጁ ሞላ።

መ. ደወለ። ጥም አይደለም እንዴ አለ። ዘጋሁበት።

ሐሙስ፣ ጥር 19

ዛሬም ሦስት ቅጠል። ይድን አይድን አላህ ያውቃል፤ በየሰዓቱ እየሄድኩ ማፍጠጤን ግን ልተው ነው።

ምሳ ላይ አባየ ምግቡን ሳያነሳ ጠየቀኝ። በየት በኩል ነው የተኛችው? ጥላ አለው ወይ? የለውም አልኩት። ቅዳሜ እንሄዳለን አለ። እንሄዳለን!

ቅዳሜ፣ ጥር 21
ጠዋት

አዲስ ጥምጣም ሰፍቼለት ነበር፣ ሌሊቱን ሳልተኛ። አየውና አጥፎ መለሰልኝ። የታጠበውን፣ ያን የጭቃ ጥላ ያልለቀቀውን ጠመጠመ። ተይው፣ እሷ ታውቀዋለች አለ።

ማንቆርቆሪያውን ይዟል። ደሴ ውሃ የሌለ ይመስል! ቢሆንም ክዳኑን በክር አሰርኩለት።

ሎሚውን ዛሬ ገና አላየሁትም። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ጡሩምባውን እየነፋ ነው፣ አባየ ከበር ላይ ይጣራል። ዘሐራ! ይላል። በስሜ። ዘሐራ፣ ነይ እንጂ! መጣሁ አባ...