ለለቅሶ እስከ ኤሮ ደሴት

ሰኞ

እሄዳለሁ። ልጄ ሰናይት ስልክ ላይ እስኪበቃት ጮኸች፤ ጉልበቴን፣ ደም ግፊቴን፣ ሰባ ስድስት ዓመቴን አንድ በአንድ ዘረዘረችልኝ። «አሎራ፣ ታዲያ ጨረስሽ?» አልኳት። አልጨረሰችም። «እማዬ፣ ቀብሩ የቤተሰብ ብቻ ነው ብለውሽ የለም እንዴ!»

ቀብሩ በሚያዝያ አልፏል። እኔ የምሄደው ለቅሶ ልደርስ ነው። ሮም ያደገች ልጅ ልዩነቱን አታውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አላስተማርኳትም።

እዚሁ ሮም ይኖሩ የነበሩትን ዴንማርካዊት ሲኞራ ኢንገን ዘጠኝ ዓመት አስታመምኩ። አጠብኳቸው፣ አጎረስኳቸው፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን ከደንኩ። የእህታቸው ልጅ ላርስ ከዴንማርክ መጣ፣ አመሰገነኝ፣ የቤቱን ቁልፍ ተቀበለኝ፣ አስከሬኑን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እንባዬ አልወጣልኝም። አብሮኝ የሚያለቅስ የለማ! ያሏቸው አንዲት እህት ብቻ ናቸው፤ ኪርስተን ይባላሉ። ኤሮ በምትባል ትንሽ የዴንማርክ ደሴት፣ ሁለቱም በተወለዱበት ቤት ይኖራሉ። እሳቸው ፊት ተቀምጬ ማልቀስ አለብኝ። በቃ።

ማክሰኞ

ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ሄጄ ለንፍሮ የሚሆን ስንዴና ሽምብራ ገዛሁ። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት አልማዝ አገኘችኝ።

«ለፈረንጅ ለቅሶ አውሮፕላን ይሳፈሯል እንዴ፣ እትዬ ዘውዲቱ?»

«በእግር አይደረስማ።»

«እነሱ እኮ አያለቅሱም አሉ።»

«እኔ አለቅስላቸዋለሁ።»

ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሠራተኛቸው አልነበሩ?» አለችኝ። እህሌን አንስቼ ሄድኩ። ቤቴ እስክደርስ ግን አቃጠለኝ። አዎ፣ ሠራተኛ ነበርኩ። ሠራተኛ አያዝንም ያለው ማነው?

የያዝኩት፦ ጥቁር ቀሚስ። ጥቁር ነጠላ። ኪኒኖቼ። እህሉ። አድራሻው፣ በራሳቸው በሲኞራ ኢንገ የእጅ ጽሑፍ።

ሰናይት አማርኛን በላቲን ፊደል ጽፋ መልእክት ላከች። አላነበብኩም። በፊደላችን እስክትጽፍ እንደማላነብ ታውቃለች።

ረቡዕ

ጻፈች! ሦስት ስሕተት አለበት፤ ግን በፊደላችን ነው። የባቡሩንና የጀልባውን ሰዓት በሙሉ ዘርዝራልኛለች። አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። ስታቅፈኝ «ማማ፣ ሴይ ቴስታርዳ» አለች፤ ግትር ነሽ ማለቷ ነው። እንደ ምስጋና ተቀበልኩት።

አውሮፕላን፣ ባቡር፣ ሌላ ባቡር፣ ጀልባ። ጀልባው ላይ አንድ ሰው ወንበር ሲለቅልኝ አላረጀሁም ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ጉልበቴ ስላመመኝ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ

ከተማዋ ውብ ናት። አልክድም። አጫጭር ቤቶች፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ ቀይ፤ አንዳንዶቹ በእርጅና ዘመዋል። ከግድግዳው ሥር ቁመታቸው ሰው የሚያህል አበቦች በቅለዋል። ኮብልስቶኑ ግን የጉልበት ጠላት ነው። ከመስኮቶቹ ውጭ ትንንሽ መስታወት ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ ከወንበሩ ሳይነሳ መንገደኛውን የሚያይበት። ስለላ ነው። ወደድኩት።

አንዲት ቱሪስት ፎቶዋ ውስጥ ስለገባሁ ዞር በይልኝ ብላ በእጇ ጠቆመችኝ። ጉልበቴ እስኪያርፍ ንቅንቅ አላልኩም።

ከዚያ ወደ ኪርስተን ቤት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ለቅሶ ቤት አይንኳኳም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ «እመቤቴን! ሲኞራዬን!» እያልኩ እየጮኽኩ ገባሁ።

ኬክ። ኬኩ ላይ ትንንሽ ባንዲራ። ጠረጴዛውን ከበው አሥር ያህል ሰዎች፣ ሹካቸው አየር ላይ ቀርቶ። የኪርስተን ልደት ነው።

ላርስ ፊቱ ቀልቶ ክንዴን ይዞ አወጣኝ። በጣሊያንኛ፣ «ሲኞራ፣ ዛሬ አይሆንም። መጀመሪያ ይደውሉ» አለኝ።

«ለቅሶ በቀጠሮ አይደረስም» አልኩት።

አፈርኩ? አዎ። ነገ እመለሳለሁ? አዎ።

ዓርብ

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ምድጃዋን ፈቀደችልኝ። ንፍሮዬን ቀቅዬ ሦስት ሰዓት ላይ ሄድኩ። ዛሬ ለማንኳኳት ወስኜ ነበር። እጄን ሳነሳ በሩ ተከፈተ፤ በመስታወቱ አይተውኛል። ኪርስተን ድሮ ሮም እየተመላለሱ የለመዷት ጣሊያንኛ ትንሽ ቀርታቸዋለች።

«ትናንት የጮኽሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ። ስላለቀስኩ ይቅርታ አልጠይቅም። ለልደትዎ ግን እንኳን አደረሰዎ።»

ገባሁ። ተቀመጥን። ንፍሮውን ከፍዬ ሰጠኋቸው። ከዚያ፣ «ተሠቃየች?» አሉኝ። ላርስ እንዳያዝኑ ብሎ ምንም አልነገራቸውም። እኔ እውነቱን ነገርኳቸው፦ ሁለት ቀን ተሠቃይተዋል። በመጨረሻው ጠዋት ግን ሾርባው ጨው በዝቶበታል ብለው ተቆጡኝና እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«እሷ ነች! ራሷ ነች!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። በቀብሩ ቀን ሰው ሲያለቅሱ እንዳያያቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር። እኔም አለቀስኩ፤ በአገሬ ወግ፣ ድምፅ አውጥቼ። አልከለከሉኝም።

ቀትር ላይ ላርስ መጣ። ሁለታችንንም ዓይናችን አብጦ፣ ንፍሮ ጭናችን ላይ አድርገን አገኘን። አፉን ሊከፍት ሲል እናቱ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩት። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ጃኬቱን አወለቀ፤ ወንበር ስቦ አጠገባችን ተቀመጠ።